ዓምና ተቀይሮ ዘንድሮ የሚያፈስ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን

ጥያቄ፦ «ላንድክሩዘር 60 አለኝ፤ ሞተሩ 2ኤፍ፣ ቤንዚን፣ ስድስት ሲሊንደር ነው። ጠዋት ሲነሳ ከማኒፎልዱ በኩል ትክ ትክ ይላል፤ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ግን ቢሞቅም ይንቀጠቀጣል። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዓምና ተቀይሯል፤ መካኒኩ አሁንም ይቀየር ይለኛል። ብሎኖቹን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም ወይ? ማስቲሽ ቢቀባበትስ? መፍቻ መያዝ አያቅተኝም፤ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? እስከዚያው ድረስስ ብነዳት?»

ምላሽ፦

የተገጠመው ጓርኒሲዮን በዓመቱ ካፈሰሰ፣ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ጥፋቱን ከጓርኒሲዮኑ ላይ አንሥተው ሌላ ቦታ ይፈልጉት። ጓርኒሲዮን የሁለት ብረቶችን ጥቃቅን ጉድለት ይሞላል እንጂ የተጣመመ ብረት አያቃናም። በ2ኤፍ ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው የሞተሩ አሠራር ነው። ለሲሊንደሮቹ አየርና ቤንዚን የሚያከፋፍለው የአየር ማኒፎልድም፣ የተቃጠለውን ጭስ የሚሰበስበው የጭስ ማኒፎልድም በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ክፍል) አንድ ጎን ላይ ይታሰራሉ፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው መሀል ላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው በብሎን ተያይዘዋል። አንዱ ሲጣመም ሌላውንም ይዞት ይሄዳል። የነገሩኝ ድምፅ የጭሱ ወገን ነው፤ የሚኒሞው መንቀጥቀጥ ግን የአየሩ ወገን ይመስለኛል። ምልክቱ ሁለት፣ ምክንያቱ አንድ ሊሆን ይችላል። ይህን ግን ከመፍታት በፊት ማረጋገጥ ይሻላል፤ ያረጀ ማኒፎልድ ሲፈታ ስታድ (ማኒፎልዱ በዳዶ የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ዘንግ) ይሰበራል፣ በከንቱ የተሰበረ ስታድ ደግሞ ያናድዳል።

ከድምፁ እንጀምር። ሲቀዘቅዝ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ትክ ትክ የጭስ ማኒፎልድ የታወቀ ጠባይ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ራሱ ይደፍነዋል። ሆኖም የላላ ታፔትም (ቫልቭ የሚገፋው ክፍል) እንዲሁ ነው የሚጮኸው። ብዙ ሰው ሁለቱን በምታቸው ፍጥነት ለመለየት ይሞክራል፤ አይሆንም። ከአንድ ሲሊንደር የሚያፈተልክ ጭስም፣ የአንድ ቫልቭ ታፔትም ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው የሚመቱት። የሚለያቸው ጭነት ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነዳጅ ሲረገጥ የጭስ ድምፅ ይጎላል፣ ሲለቀቅ ይለዝባል፤ ታፔት ግን ጭነት ኖረ አልኖረ ከዙሩ ጋር ብቻ ነው የሚሄደው። አሁንም ከተጠራጠሩ ሞተሩን አጥፍተው የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ይንቀሉ፤ ጫፉን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተው ይሰሩትና ያስነሡ። ያ ሲሊንደር ስለማይተኩስ የእርሱ ጭስ ጉልበት ያጣል፤ ድምፁ ወዲያው ከለዘበ ወይም ከጠፋ የሚያፈሰውን ቀዳዳ አገኙት። ስድስቱንም በየተራ ይሞክሩ። ታፔት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ ሞተሩ በሚገባ ሞቆ የአየር ቫልቩ 0.20፣ የጭስ ቫልቩ 0.35 ሚሊሜትር ይስተካከላል፣ ጉዳዩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ለጭሱ ወገን ከሁሉ የምወደው ፍተሻ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የሚደረገው ነው። አቧራ የሚስብ ማሽን ካለዎት ቱቦውን በሚነፋበት በኩል ሰክተው ከኋላ በማርሚታው ጫፍ አየር ይንፉበት፤ ዙሪያውን በጨርቅ ይዝጉት። ከዚያ የሳሙና ውኃ በማኒፎልዱ መጋጠሚያዎች ላይ ይርጩ። አረፋው የት እንዳለ በዓይን ይታያል፤ መስማት መገመት የለም። የታችኛው ቧንቧ ከማኒፎልዱ ጋር የሚጋጠምበትንም አይርሱ፤ እዚያ የሚያፈስ ጭስ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከላይ የመጣ ይመስላል። የብረቱን አካልም ይርጩት፤ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ በዓይን አይገኝም፣ በአረፋ ግን ይገኛል። ከመርጨትዎ በፊት በባትሪ መብራት አንድ ጊዜ ይዩት፦ የሚያፈስ ቀዳዳ ዙሪያውን በጥላሸት ይስላል። ጥቁር ጭረት ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ጭሱ ራሱ ነው ፊርማውን ያኖረው።

የአየሩ ወገን ዝምተኛ ስለሆነ ተንኮለኛ ነው። አይጮህም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው። በዚያ በኩል የሚገባው አየር በካርቡራቶሩ አልተለካም፤ ለእርሱ የሚሆን ቤንዚን የለም፣ ስለዚህ የአጠገቡ ሲሊንደሮች ቀጭን ድብልቅ ያገኛሉ። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር በጠቅላላው ትንሽ ስለሆነ ስርቆቱ ጎልቶ ይታያል፤ ዙሩ ሲጨምር ድርሻው እያነሰ ሞተሩ የዳነ ይመስላል። የእርስዎ መኪና ጠባይ ይኸው ነው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በተራቸው ይደርድሯቸው፤ አንድ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካንዴላዎች ሸክላቸው ከሌሎቹ የነጣ ከሆነ አየሩ በዚያ በኩል ነው የሚገባው።

ቦታውን ለማግኘት ብዙዎች የካርቡራቶር ማጽጃ ይረጫሉ፤ በዚህ ሞተር ላይ ይህን አታድርጉ እላለሁ። የአየሩ ማኒፎልድ በጋለው ጭስ ማኒፎልድ ላይ ነው የተቀመጠው፤ የረጩት ነገር ወደ ታች ሲንጠባጠብ ይቀጣጠላል። ንጹህ ውኃ ይበቃል። ሞተሩ ገና እንደተነሣ፣ ጭስ ማኒፎልዱ ሳይግል፣ በመርጫ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በአየሩ መጋጠሚያ ላይ ይርጩ። ውኃው ክፍተቱን ለቅጽበት ሲደፍነው ሚኒሞው ይለወጣል፤ አንዳንዴም ሲስበው ይሰማል። በጋለ የብረት ማኒፎልድ ላይ ግን ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት ስንጥቅ መግዛት ነው። የቫኪዩም መለኪያ ካለዎት ደግሞ በባሕር ጠለል አካባቢ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ430 እስከ 530 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያሳያል፤ መርፌውም አይንቀጠቀጥም። በየ300 ሜትር ከፍታው 25 ሚሊሜትር ገደማ ይቀንሱ። ይህን ሳያስብ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተር የሚፈታ አለ።

ሦስተኛ የማፍሰሻ ቦታም አለ፤ ከውጭ ቢረጭበት ስለማይገኝ ይረሳል። ሁለቱ ማኒፎልዶች በሚያያዙበት መሀል ላይ፣ የጭሱ ሙቀት የአየሩን ማኒፎልድ ሆድ እንዲያሞቅ የተተወ ክፍል አለ። ሲቀዘቅዝ ጭሱን ወደ ላይ፣ ሲሞቅ ወደ ታች የሚመራ ክዳን አለው፤ የሚያንቀሳቅሰው በሙቀት የሚጠቀለል ጥምዝ የብረት ልጥ ነው። ይህ ክዳን በዝገት ተይዞ «አሙቅ» በሚለው ቦታ ከቀረ ጭሱ ያለማቋረጥ የአየር ማኒፎልዱን ሆድ ይመታዋል። ብረቱ ይጣመማል፣ ይባስ ሲልም ይሰነጠቅና ጭሱ ከሚገባው አየር ጋር ይቀላቀላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የክዳኑን ክብደት በእጅ ያወዛውዙት፤ ወደፊትና ወደኋላ በነጻ መሄድ አለበት። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዓምና የተቀየረው ጓርኒሲዮን ለምን እንዳልበረከተ ግማሽ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችዎ። ብሎን ማጥበቅ አይበቃም ወይ ላሉት፦ አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ) መሞከር ነውር የለውም። ላልቶ የተገኘ ዳዶ ካለ ይጥበቅ፤ ድምፁ ከጠፋም ይመስገን። ሁሉም በልኩ ጠብቆ ሳለ ድምፁ ካለ ግን ተጨማሪ ጉልበት አይጨምሩ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎት። የብረት ማኒፎልድ አንድ ሜትር ርዝመቱ በየአንድ ዲግሪው ሙቀት አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ስልሳ ሳንቲሜትር የሚረዝም ማኒፎልድ በአምስት መቶ ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ከመሀል ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲካፈል በየጫፉ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው። ቴስታታው ከመቶ ዲግሪ ብዙም ስለማይዘል እርሱ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር የማኒፎልዱ ጫፍ በጓርኒሲዮኑ ላይ ይንሸራተታል፣ በጠፋ ቁጥር ይመለሳል። ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ ከልኩ በላይ ካጠበቁት መንሸራተቻ ያጣል፤ ከዚያ ወይ ስታዱ ይበጠሳል ወይ ማኒፎልዱ ይሰነጠቃል። የተሰበረ ስታድ ብዙ ጊዜ ጫፍ ጫፉ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ማስቲሽ? በጭሱ ወገን ፈጽሞ። ሙቀት የሚችል የሚባለው ቀይ ሲሊኮን እንኳ የጭስ ማኒፎልድ የሚደርስበትን ሙቀት አይችልም፤ ይቃጠልና በቦታው ክፍተት ትቶ ይሄዳል። የኦክስጅን ሴንሰር ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የሲሊኮኑ ትነት ሴንሰሩን ያበላሸዋል። በአየሩ ወገን ሙቀቱ ባይከለክልም፣ ጓርኒሲዮኑ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሉህ የሚይዝ ስለሆነ ደረቁን ይግጠሙት።

ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ከባድ ጥበብ የለውም፤ ትዕግሥትና የሰው እጅ ግን ይፈልጋል፤ ሁለቱ ማኒፎልዶች ተያይዘው ሲወጡ ለአንድ ሰው ይከብዳሉ። ከሥራው ቀን በፊት ባሉት ቀናት ዳዶዎቹን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ደጋግመው ያርሷቸው። በሥራው ቀን የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፣ የቤንዚን ቱቦውን ይድፈኑ፣ የአየር ማጣሪያውንና ካርቡራቶሩን ያውርዱ፤ የሚነቅሉትን የቫኪዩም ቱቦ ሁሉ ምልክት ይለጥፉበት፣ ፎቶም ያንሡት። የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ከአየር ማኒፎልዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲነቅሉት ደርቆ የተሰነጠቀ ከሆነ የሚኒሞው ችግር ከፊሉ እርሱ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይቀየር።

ዳዶ አልፈታ ሲል ከጉልበት በፊት ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ይያዙ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ማዕዘኑን ይበላዋል። ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ትንሽ ወደ መፍታት እያደረጉ ያመላልሱት። ሙቀት መስጠት ካስፈለገ ዳዶውን እንጂ ስታዱን አይደለም፤ ዳዶው ሲሰፋ ነው የሚለቀው። ቤንዚኑ ከአካባቢው መራቁን ግን ሁለት ጊዜ ይዩ። ስታድ ተሰብሮ ጉቶው ብቅ ብሎ ከቀረ፣ ሰፋ ያለ ዳዶ አጥልቆ ውስጡን መበየድ ጥሩ መንገድ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ከፊቱ እኩል የተሰበረውን ሲሰረስሩ ግን ማዕከሉን መሳት ቀላል ስለሆነ፣ እጅዎ ካልለመደ ለቶርኖ ቤት ሰው ይተዉለት።

የድሮውን ጓርኒሲዮን ስትፋቁ ጥንቃቄ አለ። የ1980ዎቹ መኪና ላይ ያለ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ነው የሚገድለው። ደረቁን አይፋቁት፣ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አይንኩት፣ በአየር አይንፉት። በውኃ አርሰው በእጅ መፋቂያ ያንሡት፣ እርጥቡን በላስቲክ ቋጥረው ያስወግዱት። ከመፋቅዎ በፊት የቴስታታውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ይጠቅጥቋቸው፤ ስንት ጨርቅ እንደጠቀጠቁም ይቁጠሩ፤ አንዱን ረስቶ ሞተር ማስነሣት በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው፤ ዓምናም የተዘለለው ይኼው ይመስለኛል። ሁለቱን ማኒፎልዶች ሳይለያዩ ጠረጴዛ ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ። ቀጥታነቱ የሚታመን የብረት ማስመሪያ በርዝመታቸው፣ ከዚያም አግድም አጋድመው ያሳርፉበት፤ በሥሩ የክፍተት መለኪያ ልሳን ያስገቡ። የሚፈቀደውን ልክ የሞተሩ መመሪያ ይነግርዎታል። መመሪያው እጅዎ ላይ ከሌለ የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ የ0.2 ሚሊሜትር ልሳን በየትም በኩል ከገባ ወደ ቶርኖ ቤት ነው የምልከው።

አሁን የሚያጣብቋቸውን ወፍራም ሮንዴላዎች ይመልከቱ። በዚህ ሞተር ላይ አንዳንዶቹ ስታዶች በሁለቱ ማኒፎልዶች መካከል ነው የሚወጡት፤ ሮንዴላው ግማሹ በአየሩ ማኒፎልድ ጆሮ፣ ግማሹ በጭሱ ማኒፎልድ ጆሮ ላይ ያርፋል፤ አንድ ዳዶ ሁለቱንም ይጫናል። ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ውፍረት ካላቸው ጫናው ለሁለቱም ይደርሳል። አንደኛው ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳ ግን ሮንዴላው ቁመታቸው በማይመጣጠን ሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ እንዳረፈ ቃሬዛ ነው፤ ሸክሙን ረጅሙ ብቻውን ይሸከመዋል። ዳዶው በቶርክ ሬንች ልኩን ያሳያል፣ እጅም ጠበቀ ይላል፣ የሳሳው ወገን ግን አልተጨነቀም። ይህ የሚመጣው አንዱ ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ከሌላ ሞተር በመጣ ሲተካ ነው፤ ወይም አንዱ ለብቻው ሲላግ (ፊቱ በማሽን ተፍቆ ሲስተካከል)። ጆሮዎቹን በካሊፐር ይለኩ። ሮንዴላዎቹንም ገልብጠው ይዩ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተጨፈለቀ ምልክት ካለባቸው ሌላ ማስረጃ አያሻም።

መላግ ካስፈለገ ሁለቱ ተያይዘው፣ እንደ አንድ ዕቃ ሆነው ነው መላግ ያለባቸው። ለቶርኖ ቤቱ ከመስጠትዎ በፊት ቦታቸውን ማስያዝ የእርስዎ ሥራ ነው። በመካከላቸው ያለውን ትንሹን ጓርኒሲዮን በአዲስ ይተኩ፣ የሚያያይዟቸውን ብሎኖች በእጅ ብቻ ይያዙ። ከዚያ ሁለቱንም ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ጋር፣ ካልተረፈም ያለ እርሱ፣ ቴስታታው ላይ ገጥመው ዳዶዎቹን ለስለስ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፊታቸው ከቴስታታው ጋር ተስማምቶ ሲያርፍ ማያያዣ ብሎኖቹን ይጠብቁ። አሁን አውጥተው ይላኩት። ከተላገ በኋላ ማያያዣዎቹን አይንኳቸው፤ ከፈቱ የከፈሉበት ቀጥታነት ይፈታል። ፊቱ ሳይላግ ቀጥ ብሎ ከተገኘ ግን ተቃራኒው ነው፦ ማያያዣዎቹ ላላ ብለው ይገጠሙ፣ መጀመሪያ ሁለቱም ከቴስታታው ጋር በልካቸው ይጥበቁ፣ ማያያዣዎቹ መጨረሻ ላይ ይጠብቁ። ዓምና የሠራው ሰው ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ አያይዞ ከሆነ የገጠማቸው፣ ያልተስማማ ፊት በብሎን ጉልበት ነው ቴስታታው ላይ የተጎተተው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለጥቂት ወራት ዝም ይላል።

ቴስታታውንም በማስመሪያው ይሞክሩት። እርሱ እምብዛም አይጣመምም፤ ነገር ግን ስታድ ሲጠብቅ የቀዳዳውን ጥርስ አካባቢ ወደ ላይ ስቦ ቀጭን ከንፈር ያወጣል። በሞረድ ቀስ ብለው ይደልድሉት። የስታዶቹን ጥርስ ያጽዱ፤ ያረጀ ወይም የተለጠጠ ስታድ ይቀየር፤ አዲስ ስታድ ከአዲስ ጓርኒሲዮን የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል ብል አላጋነንኩም።

ስለ ጓርኒሲዮኑ ዓይነት ሰው ብዙ ይከራከራል። ፊቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ለሞተሩ የተሠራው ኦሪጅናሉ ይበቃል። ወፈር ያለው የግራፋይት ጓርኒሲዮን ሲጫኑት ስለሚጨፈለቅ ትንሽ ጉድለት ይሸፍናል፤ ለመጠነኛ መጣመም ያገለግላል፣ ግን የተላገ ፊትን አይተካም፤ ሲጓጓዝም ቶሎ ይሰበራል። በአንድ ወገኑ ብረት በሌላው ለስላሳ የሆነ ጓርኒሲዮን ላይ የፊቱ አቅጣጫ ካልተጻፈበት፣ ብረታማው ወደ ማኒፎልዱ፣ ለስላሳው ወደ ቴስታታው ይሁን፤ የሚንሸራተተው ማኒፎልዱ ነውና ልስልሱን እንዳይበጣጥሰው። ከመግጠምዎ በፊት ደረቁን ስታዱ ላይ አጥልቀው ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን ይዩ፤ ጠርዙ ወደ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ከሆነ ጋዙ ይበላዋል።

ሲገጥሙ ሁሉንም ዳዶ በእጅ ካስያዙ በኋላ ከመሀል ጀምረው ወደ ሁለቱ ጫፎች እየተመላለሱ፣ በሦስት ዙር ልኩ ላይ ያድርሱ። በዚህ ሞተር ላይ የብሎኖቹ መጠን የተለያየ ስለሆነ ልካቸውም ይለያያል፤ ቁጥሩን ከራሱ መመሪያ ይውሰዱ እንጂ ከሰው አፍ አይቀበሉ፣ ከእኔም ጭምር። በጥርሱ ላይ ኒኬል ያለበት የሙቀት ግራሶ መቀባት በሚቀጥለው ጊዜ ያስመሰግንዎታል፤ ግን የተቀባ ጥርስ በቀላሉ ስለሚዞር ለደረቅ የተጻፈው ልክ ለእርሱ ይበዛበታል። መመሪያው ደረቅ ካለ ደረቁን ይግጠሙ፤ ከቀቡት ግን ልኩን ዝቅ ያድርጉ።

የታችኛውን ቧንቧ ከማኒፎልዱ ጋር ሲያያይዙ ቧንቧው በገዛ ቦታው ማረፍ አለበት፤ በብሎን ተስቦ የሚገጥም ከሆነ ክብደቱን ማኒፎልዱ ነው የሚሸከመው። በባለ አራት ጎማ መኪና ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሞተር ጎማዎች (ሞተሩ የሚያርፍባቸው ላስቲኮች) ሲሰምጡ ሞተሩ በየጉድጓዱ ይወዛወዛል፤ ማርሚታው ግን ከሻሲው ጋር ታስሯል፤ መሀል ላይ የሚታጠፈው ማኒፎልዱ ነው። አንድ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ እርስዎ ሞተሩን ይመልከቱ፤ ከልክ በላይ ከተነሣ ጎማዎቹ ይቀየሩ። ድንጋይ የመታውና የተበጠሰ የማርሚታ መስቀያም እንዲሁ ነው። ወንዝ የሚሻገሩ ከሆነ ደግሞ ከረጅም ዳገት በኋላ በቀጥታ ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ማራገቢያው ውኃውን ወደ ጋለ ብረት ይረጨዋል። ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማቀዝቀዝ ማኒፎልዱን ያተርፋል።

ይህን ሌላ ሞተር ያለው ሰው ቢያነበው፦ ቪ ቅርጽ ባላቸው ብዙ ሞተሮች የአየር ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን የራዲያተር ውኃንም ይይዛል፤ እዚያ ሲያፈስ ውኃው ወደ ዘይቱ ሊገባ ስለሚችል የዘይት ክዳኑ ሥር የወተት መልክ ይፈልጉ። ቱርቦ ባለው ናፍጣ ከቱርቦው በፊት የሚያፈስ ጭስ ቱርቦውን የሚያዞረው ጉልበት ነው፤ ጉልበት መቀነስና ጥቁር ጭስ ያመጣል። ኦክስጅን ሴንሰር ባለው ላይ ደግሞ ከሴንሰሩ በፊት ያለች ቀዳዳ በምቶቹ መካከል ከውጭ አየር ትስባለች፤ ኮምፒውተሩ ድብልቁ ቀጭን ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሰውየውም ሴንሰር ይቀይራል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሲነሣ ትንሽ ቢያጨስ አይደንግጡ፤ በእጅ የነካነው ዘይት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ሞቆ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን በልካቸው እንደገና ይሞክሩ፤ ጓርኒሲዮኑ ዳግም መጥበቅን የሚከለክል የብረት ድርብርብ ከሆነ ግን የሠሪውን ቃል ይከተሉ። ከዚያ ካርቡራቶሩ። አየር ሲሰርቅ በነበረ ሞተር ላይ አንድ ሰው የሚኒሞውን ድብልቅ ብሎን ከፍቶ ሸፋፍኖት ሊሆን ይችላል፤ ስርቆቱ ሲቆም ያ ብሎን አሁን ከልክ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ሚኒሞውና ድብልቁ እንደ አዲስ ካልተስተካከሉ ሥራው አልተጠናቀቀም፤ «ጓርኒሲዮን ቀይሬ ቤንዚን መብላት ጀመረች» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እስከዚያው መንዳትን በተመለከተ፦ መኪናዋን ስለማቆየት ቢሆን ኖሮ ለጥቂት ሳምንት ምንም አትሆንም እል ነበር፤ አየር የሚሰርቀው ሲሊንደር ሙቀት ስለሚበዛበት ረጅም ዳገት በከባድ ጭነት ብቻ ይቅርብዎት። የሚያሳስበኝ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ከጭስ ማኒፎልድ የሚያፈተልከው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የሽቦና የኬብል ማለፊያ ላስቲኮች ከተቀደዱ በቀጥታ ወደ ካቢኑ ይገባል። እነዚያን ማለፊያዎች ዛሬውኑ ይዩና ይድፈኑ። ሞተሩን አስነሥተው በዝግ ቤት ውስጥ አያሙቁት፣ ቆመው በሚጠብቁበት ጊዜም መስኮት ዘግተው አያስነሡት። በመንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ ከተሰማዎት፣ በተለይ አብሮዎት ያለውም ሰው ከተሰማው፣ አቁመው ወርደው አየር ያግኙ፤ ካልቀለላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ፣ መኪናዋንም ሳትሠራ አታስነሡ። ልጆች ከኋላ የሚቀመጡባት ከሆነ እስክትሠራ ድረስ በሌላ መኪና ይሂዱ።